ከቴሌግራም ሻጭ የገዛሁት «ማኪታ» ድሪል ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

አናጺው (ኮምቦልቻ)፣ ኅዳር 3

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በር፣ መስኮትና የኩሽና ቁም ሣጥን የምሠራ አናጺ ነኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶችም አሉ። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ እየቆመ ስላስቸገረን በባትሪ የሚሠራ ድሪል ለመግዛት ከየሥራው ትንሽ ትንሽ ስናስቀምጥ ቆየን። ጥቅምት 21 ቀን መርካቶ ሱቅ እንዳለው ከሚናገር አንድ የቴሌግራም ሻጭ «ማኪታ» የሚል ስም ያለበት ድሪል ከሁለት ባትሪና ከአንድ ቻርጀር ጋር በ13,500 ብር ገዛሁ። በቻናሉ ላይ «መቶ በመቶ ኦሪጅናል፣ የጃፓን ሥሪት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ገንዘቡን በባንክ ወደ አንድ ግለሰብ ሒሳብ አስገባሁ፤ ደረሰኝ ስጠይቅ «ከዕቃው ጋር ይላካል» ተባልኩ። ዕቃው በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ሲደርሰኝ ግን ካርቶኑ ውስጥ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን በዋንዛ ጣውላ ላይ ብሎን ሲያስገባ ደህና ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር። በአራተኛው ቀን ሙሉ የተሞላው ባትሪ ሃያ ብሎን እንኳ ሳያስገባ ደከመ፤ ከድሪሉ ውስጥም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይወጣ ጀመር፤ ባትሪው በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ድረስ ግሎ ነበር። ሲበርድ ብሎኖቹን ፈትቼ ከፈትኩት። ትልቁ የባትሪ ቤት ውስጥ ለዐሥር ሴል (ባትሪው ውስጥ ለሚደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች) የሚበቃ ቦታ ሲኖር የተቀመጡት አምስት ብቻ ናቸው። የቀረው ግማሽ ባዶ ሆኖ እንዳይንቀጫቀጭ በነጭ ሙጫ ተሞልቷል፤ ከሙጫው ሥር ደግሞ ክብደት እንዲሰጥ የተለጠፈ አንድ ቁራጭ ብረት አገኘሁ። ያን ብረት ሳይ የተሰማኝን ለመግለጽ ይከብደኛል፤ ስሕተት ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ያስረዳኝ እሱ ነው። በባትሪው ላይ በትልቁ «98 ቮልት»፣ ከጎኑ «6 አምፔር ሰዓት» (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ይላል።

ለሻጩ ፎቶ አንሥቼ ስልክለት «ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር» ብሎ መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ መልስ መስጠት አቆመ። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «ሰኞ ባቲ ገበያ ይዘኸው ውረድና ሽጠው፤ አንተ ስትገዛው ማን አዘነልህ?» አለኝ። ይህን ለማድረግ ኅሊናዬ አልፈቀደም፤ ይሁን እንጂ 13,500 ብር ለእኛ የሁለት ወር ቁጠባ ስለሆነ ዝም ብዬም መተው አልቻልኩም። ዕቃው በእርግጥ ሐሰተኛ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ? ገንዘቤንስ የማስመለስ መብት አለኝ? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።


ሞተር ጠጋኙ (ደሴ)፣ ኅዳር 3 ማታ

ወንድምዓለም፣ አብሽር። እኔ ደሴ ውስጥ ድሪል፣ ግራይንደርና የውኃ ፓምፕ የምጠግን ሰው ነኝ፤ እንዳንተ ተታልለው የሚመጡ ሰዎች በየሳምንቱ ስለሚያጋጥሙኝ የጻፍከውን ሳነብ ዕቃው ከፊቴ ያለ ያህል ታየኝ።

ከቁጥሩ ልጀምር። ማኪታ የሚያወጣቸው የታወቁት የባትሪ ዓይነቶች 12፣ 18 እና 40 ቮልት ናቸው፤ 48፣ 88፣ 98 ወይም 128 ቮልት የሚል የማኪታ ባትሪ የለም። በምክንያትም ማየት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ባትሪ ውስጥ ያለው አንዱ የሊትየም ሴል የሚሰጠው 3.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ አምስቱ አንዱ ከሌላው ተከታትለው ሲያያዙ 18 ቮልት ይሆናሉ። 98 ቮልት ለማግኘት 27 ሴል እንዲሁ መያያዝ ይኖርበታል፤ አንዱ ሴል 45 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሴሎቹ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ይሆናሉ፤ በአንድ እጅ በምትይዘው የባትሪ ቤት ውስጥም አይገቡም። ስለዚህ ዕቃውን ሳትነካው፣ በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይተህ ሐሰተኛ ነው ማለት ትችል ነበር። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጉልበቱ የሚበዛ ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚታለለው በዚሁ ነው።

አምስት ሴል ማግኘትህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ግን ዕወቅ። እውነተኛው ማኪታም 1.5 እና 2 አምፔር ሰዓት የሆኑትን ቀጫጭን ባትሪዎች የሚሠራው በአምስት ሴል ነው። 5 ወይም 6 አምፔር ሰዓት የሚለው ወፍራሙ ባትሪ ግን የግድ ዐሥር ሴል አለው፤ አምስቱ ተከታትለው ተያይዘው ሌሎቹ አምስት ጎን ለጎን ይጨመሩበታል። ያንተ «6» እያለ በወፍራም ቤት ውስጥ አምስት ብቻ ይዞ መገኘቱ፣ በዚያ ላይ ብረት የተለጠፈበት መሆኑ ነው ነገሩን የሚቆርጠው። ሌላም ልንገርህ፤ ከ18 ቮልቱ የማኪታ ባትሪ ትልቁ 6 አምፔር ሰዓት ነው። «9 አምፔር ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ካየህ ሁለተኛ ሳታስብ እለፈው።

ያልከፈትከው ሁለተኛው ባትሪ አለ፤ እሱን እንዳትነካው። ሰው ባለበት ሚዛን ላይ አስቀምጠው፤ የቅመም ሻጭ ሚዛን ይበቃል። እውነተኛው ወፍራሙ ባትሪ ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል። የድሪሉንም ሞተር ማየት ከፈለግህ እኔ ዘንድ አምጣው፤ ብዙዎቹ ሐሰተኞች የሚጠቀለሉት በመዳብ ሳይሆን ከላይ መዳብ በተቀባ አልሙኒየም ሽቦ ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርገው ከቀዩ ሥር ነጭ ይወጣል፤ ቶሎ ግሎ የሚሸተውም ለዚህ ነው።

ከገንዘቡ በፊት የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እነዚህ ባትሪዎች መጠን አልፈው እንዳይሞሉና እንዳይግሉ የሚከላከለው ሰሌዳ ወይ የላቸውም ወይ ለይስሙላ የተቀመጠ ነው። አንተ ደግሞ የምትሠራው ሰጋቱራ በተከመረበት ቤት ነው። ከአሁን በኋላ ቻርጅ እንዳታደርጋቸው፤ የከፈትከውንም ያልከፈትከውንም በደረቅ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ውስጥ አድርገህ ከጣውላው አርቀህ አስቀምጥ። ሌሊት ቻርጀር ላይ ትቶ የተኛ አንድ ደንበኛዬ ያመጣልኝ የቀለጠ ባትሪ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ የሱ ቤት ወለል ሲሚንቶ ባይሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር አላህ ያውቃል።


የሕግ ባለሙያው (ደሴ)፣ ኅዳር 4

ጠያቂው በጥንቃቄ ስለጻፉት ለመመለስ ቀሎኛል። በቅድሚያ ስለ ቀኑ ላስታውስዎ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እርስዎ የከፈሉት ጥቅምት 21 ከሆነ ዐሥራ አምስተኛው ቀን ኅዳር 6 ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ «ዕቃው የተባለው ብራንድ ስላልሆነና ጉድለት ስላለበት 13,500 ብሬ ይመለስልኝ» የሚል ግልጽ መልእክት ቀኑን ጠቅሰው በቴሌግራምም በስልክ የጽሑፍ መልእክትም ይላኩለት። ሻጩ ባይመልስም መላክዎ ራሱ ማስረጃ ነው። ፎቶ መላክዎና «ይህ ምንድን ነው?» ማለትዎ ጥያቄ ሊባል ይችላል፤ ገንዘብ ይመለስልኝ ማለት ግን ሌላ ነው፤ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ማስረጃው ከእጅዎ እንዳይወጣ ከሁሉ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። በቴሌግራም የሁለት ሰዎች ንግግር ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቶችን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያውን፣ «ኦሪጅናል» ያለበትን፣ የሒሳብ ቁጥሩን የላከበትን መልእክት ሁሉ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ወደሚባለው የራስዎ የተቀመጡ መልእክቶች ማኅደር ያስተላልፉ፤ የተላለፈው ቅጂ ዋናው ቢጠፋም አይጠፋም። የቻናሉ መጠሪያና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሹት ያንሡ። ወደ ባንክዎ ሄደው የተቀባዩ ስም የሚታይበትን የሒሳብ መግለጫ በማኅተም ያውጡ። በቴሌብር የከፈሉ ሰዎች የግብይት ቁጥሩን ይያዙ። ባንኩ በፈቃድዎ ያስተላለፉትን ገንዘብ በእርስዎ አቤቱታ ብቻ መልሶ አይሰጥዎትም፤ በዚህ ምክንያት ባንክ ቤት ተቀምጠው ጊዜ እንዳያባክኑ እመክራለሁ።

ከዚያ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የከተማው የንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ነው፤ በፌዴራል ደረጃ ቀድሞ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ሁለተኛው ፖሊስ ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ «መቶ በመቶ ኦሪጅናል» ብሎ የሸጠ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 በተደነገገው የአታላይነት ወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፤ ቅጣቱ እንደ ነገሩ ክብደት ቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን ለገዢ እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ሱቅ ቁጥር የሌለው፣ ስሙ የማይታወቅ «መርካቶ ነን» ማለት ይህን ግዴታ አያሟላም።

አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክትን አስመስሎ መጠቀምን በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ነገር ግን በዚያ አዋጅ ላይ ተመሥርቶ መብቴ ተነካ የሚለው በዋናነት የምልክቱ ባለቤት ነው። የእርስዎ መንገድ የሸማች መብትና የመታለል አቤቱታ ነው። ስለ ጎረቤትዎ ምክር ደግሞ ኅሊናዎ የነገረዎትን ሕጉም ይነግርዎታል፦ ሐሰተኛ መሆኑን ካወቁ በኋላ እንደ እውነተኛ አድርገው ቢሸጡት ዛሬ ሻጩን የሚከሱበት አንቀጽ ነገ በእርስዎ ላይ ይጠቀሳል። ከዚያም በላይ ያለዎትን ብቸኛ ኤግዚቢት (የማስረጃ ዕቃ) በገዛ እጅዎ አጠፉት ማለት ነው።


ፎቶግራፈሯ (ወልድያ)፣ ኅዳር 4

የእኔ ነገር ከድሪል ጋር የማይገናኝ ቢመስልም አንድ ዓይነት ነው። ሰርግ የምቀርጽ ባለሙያ ነኝ። ዐምና በኢንተርኔት ከሚሸጥ ሰው የታወቀ ብራንድ ስም የተጻፈበት «512 ጊጋባይት» ሜሞሪ ካርድ ገዛሁ። ካሜራው ውስጥ ሳስገባው 512 ብሎ አሳየኝ፤ ኮምፒውተሩም 512 አለ፤ ስለዚህ አልተጠራጠርኩም። ካርዱን ይዤ አንድ የኒካህ ሥነ ሥርዓት ቀረጽኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ያሉት ፋይሎች ስማቸው አለ፤ መጠናቸውም አለ፤ ሲከፈቱ ግን ግራጫ ናቸው። የሙሽራይቱ አያት እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ የቀረጽኩት ምርቃት በዚያው ጠፋ። አያትየው ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ። ቤተ ሰቡ በትዕግሥት ተቀበለኝ፤ እኔ ግን ዛሬም ያን ቤት ባለፍኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

በኋላ እንደተረዳሁት ሐሰተኞቹ ካርዶች ውስጥ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ ያልያዘውን መጠን እንዲናገር ተደርጎ ይስተካከላል። እውነተኛው ቦታ 32 ብቻ ሆኖ 512 ነኝ ይላል፤ 32ቱ ሲሞላ ወይ የሚቀጥለውን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይ ጭራሽ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ይላል። ስለዚህ መጠኑን በስክሪን ላይ ማየት ምንም ዋስትና አይሆንም። ብቸኛው ማረጋገጫ ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፤ ለዚህ ሥራ «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» እና «ኤፍ ስሪ» የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። 128 ጊጋባይት ካርድ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት ቢጽፍ መሙላቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ ለማንበብም ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ዛሬ ማንኛውንም አዲስ ካርድ አንድ ሌሊት በዚህ ሳላሳድር ሰርግ ቤት ይዤ አልገባም።

ስለ አገዛዙ ደግሞ የተማርኩትን ልናገር። ከሻጩ ጋር ስነጋገር የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር አንድ ላይ ያነሣውን ፎቶ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ፤ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። «ኦሪጅናል ካልሆነ ገንዘቡን እመልሳለሁ» ብሎ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝም እጠይቃለሁ፤ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ። ክፍያውን ዕቃው ወልድያ ደርሶ ከፍቼ ካየሁ በኋላ እፈጽማለሁ። «አይሆንም፣ ቅድሚያ ክፈይ» ካለኝ ሌላ ሻጭ እፈልጋለሁ። በዚህ ምክንያት ያመለጡኝ ዕቃዎች አሉ፤ አልቆጨኝም።


ዕቃ ሻጩ (ባቲ)፣ ኅዳር 5

እኔ ባቲ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። መጀመሪያ ለጎረቤትህ የምለው አለኝ። የሰኞ ገበያችን ከአፋር በረሃ ግመሉን እየነዳ፣ ከደጋው አህያውን ጭኖ የሚመጣ ሰው የሚገናኝበት ነው። ከእኔ ሱቅ ዕቃ የገዛ ሰው ቢበላሽበት በሚቀጥለው ሰኞ ይመልስልኛል፤ መንገድ ዳር ዘርግተህ የሸጥክለት እረኛ ግን ማንን ይጠይቃል? እኛ ይህን ገበያ በመተማመን ነው ያቆየነው። ስላልሸጥከው አመሰግንሃለሁ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። የዕቃውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ዕውቅ ብራንድ የሆነ ድሪል ከሁለት ትልልቅ ባትሪ ጋር በዚህ ዋጋ እንደማይገኝ ያውቃል። ደንበኛው ራሱ ስሙን ይፈልጋል፤ ዋጋውን ግን መክፈል አይፈልግም። እኔ ሱቄ ውስጥ ኮፒ አለኝ፤ ሰው ሲመጣ «ይህ ኮፒ ነው፣ ዋጋው ይህ ነው፤ ያኛው ኦሪጅናል ነው፣ ዋጋው ይህ ነው» ብዬ እነግረዋለሁ። ከዐሥሩ ስምንቱ ኮፒውን ይዞ ይሄዳል። አውቆ እስከገዛ ድረስ ምን በደል አለበት? ድሃው አናጺም መሥራት አለበት።


የሕግ ባለሙያው (ደሴ)፣ ኅዳር 5

ለባቲው ወንድማችን፦ ስለ ገበያው የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ በሁለተኛው ሐሳብዎ ግን አልስማማም። ለገዢው እውነቱን መንገርዎ ከአታላይነት ያድንዎት ይሆናል፤ የሌላ ሰው ምልክት ያለፈቃድ የተለጠፈበትን ዕቃ መሸጥ ግን ገዢው ቢያውቅም ባያውቅም የተከለከለ ነው። ርካሽ መሆኑ ጥፋት አይደለም። በራሱ ስም የሚወጣ፣ ዋስትናውን በራሱ ስም የሚሰጥ ርካሽ ድሪል ሞልቷል፤ ድሃው አናጺም የሚጠቅመው ያ ነው፤ ምክንያቱም ሲበላሽበት ስሙ የተጻፈው አምራች ተጠያቂ ይሆናል። የተዋሰ ስም ያለበት ዕቃ ግን ሲፈነዳ ባለቤት የለውም። እርስዎ ለመጀመሪያው ገዢ «ኮፒ ነው» ብለው ነግረውታል፤ እሱ ለሁለተኛው ሲሸጠው የሚናገረው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ስም ነው።


ሞተር ጠጋኙ (ደሴ)፣ ኅዳር 5

የሕግ ባለሙያው ያሉት እኔም በሥራዬ የማየው ነው። ስሙ ብዙም ያልታወቀ፣ ግን በራሱ ስም የሚሸጥ ድሪል ሲበላሽ ካርቦኑም ማብሪያ ማጥፊያውም ተፈልጎ ይገኝለታል። ሐሰተኛው ግን ከውጭ አንድ መስሎ ከውስጥ እያንዳንዱ የተለያየ ስለሆነ መለዋወጫ የለውም፤ የእውነተኛው ክፍልም አይገጥምለትም። የባቲው ነጋዴ ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ደንበኛቸው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍለው።


አናጺው (ኮምቦልቻ)፣ ኅዳር 27

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ። ኅዳር 4 ቀን ማታ ገንዘቤ እንዲመለስ የሚጠይቀውን መልእክት እንደተመከርኩት በሁለቱም መንገድ ላክሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስነሣ ሻጩ ከእኔ ጋር የነበረውን ንግግር በሙሉ አጥፍቶት ነበር። ያስተላለፍኳቸው ቅጂዎች ግን በተቀመጡ መልእክቶቼ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ የሕግ ባለሙያውን ምክር ባልሰማ ኖሮ በእጄ አንድም ቃል አይኖርም ነበር። ባንኩም የተቀባዩ ሙሉ ስም ያለበትን መግለጫ በማኅተም ሰጠኝ።

ጋሼ ሞተር ጠጋኙ ባሉት መሠረት ያልተከፈተውን ባትሪ በርበሬና ቅመም በምትሸጥ ጎረቤታችን ሚዛን ላይ ሁለት ሰዎች ባሉበት አስቀመጥነው፤ 410 ግራም ሆነ። ፎቶ አንሥተን፣ ቀኑን ጽፈን፣ ሁለቱ ሰዎች ፈረሙበት። ይህን ሁሉ አያይዤ ለንግድ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ አስገባሁ፤ ለፖሊስም አመለከትሁ። መመላለሱ አድካሚ ነበር፤ ሦስት የሥራ ቀን ወስዶብኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሻጩ በሌላ ስልክ ደውሎ «መጀመሪያ ዕቃውን ላክ፤ ከዚያ ገንዘቡን እልካለሁ» አለኝ። የሕግ ባለሙያውን በውስጥ መልእክት ጠይቄአቸው ኤግዚቢቱን ከፖሊስ ውጭ ለማንም እንዳላስረክብ ስለነገሩኝ እንቢ አልሁ። ከአራት ቀን በኋላ 8,000 ብር ወደ ሒሳቤ ገባ። ቀሪውን 5,500 ብር «በወሩ መጨረሻ» ብሏል፤ ፋይሉ አልተዘጋም፤ እኔም አቤቱታዬን አላነሣሁም።

ከሁለቱ ወጣቶች ጋር ተማክረን በ8,000 ብሩ ላይ ጨምረን፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ከሚገኝ ሱቅ፣ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ግን የስድስት ወር ዋስትና በደረሰኝ ላይ የተጻፈበት ድሪል ገዛን። ባትሪው አንድ ብቻ ነው፤ 2 አምፔር ሰዓት ይላል፤ ቀጭን ነው። ትናንት መብራት በሌለበት የአንድ ሙሉ ቁም ሣጥን ማጠፊያ አስገብቶልናል።

አሮጌው ድሪል በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪዎቹ በአሸዋ ጣሳ ውስጥ ከበሩ ውጭ ናቸው። ታናሹ ልጅ በካርቶኑ ላይ በኖራ «ማስረጃ፤ አይሸጥም» ብሎ ጽፎበታል። 5,500 ብሩ ሲገባ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።